የዲቤው ትምህርት፦ ከነገሌ ቦረና እስከ ጎንደር በኣታ

ነገሌ ቦረና ሲባል የታሪክ ተማሪ የሆነ ሁሉ ቶሎ ትዝ የሚለው አንድ ነገር ነው። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈረው ጦር በምግብ ብልሽትና በውኃ እጦት ተማርሮ አደመ፤ ነገሩን እንዲያበርዱ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዞ ወታደሩ የሚበላውን አበላቸው፣ የሚጠጣውን አጠጣቸው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጎርፍ ሁላችንም በፈተና ወረቀት ላይ ስለጻፍነው እዚህ አልደግመውም። እኔ የነገሌ ልጅ በመሆኔ፣ ግቢ ከገባሁ ጀምሮ አገሬን የጠየቀኝ ሁሉ «አሃ! አብዮቱ የተለኮሰበት!» ይለኛል። ደስ አይለኝም ብል ውሸት ነው። ግን አንዳንዴ የማስበው ሌላ ነገር ነው። ለመሆኑ ያቺ ከተማ ወታደሩ ባላደመባቸው ሌሊቶች ምን ትሠራ ነበር? ወረቀት ላይ ያልወጣው ሌሊቷስ ታሪክ አይደለም ወይ?

እኔ በደንብ የማውቀው አንዱን ሌሊት ነው፤ ሐሙስ ማታን። ከቤታችን ሦስት ግቢ አልፎ ካለው የአያቴ ቤት ዲቤ ይመታል። ዲቤ በእኛ አገር ቋንቋ ከበሮ ነው፤ አያትን ደግሞ አኮ እንላለን። አኮ አያና ያላት ሴት ነበረች። መጀመሪያ ቡና ቀላ ይቀርባል፤ ፍሬው ከነገለፈቱ በቅቤ የሚጠበሰው ማለቴ ነው። ዕጣኑ ይጨሳል፤ ሴቶቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። የቦረና ሴት አለች፤ የጉጂ ሴት አለች፤ ከሶማሌ ወገን የሆነች ነጋዴ አለች፤ ባሏ ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚያው የቀረ የወሎ ሴትዮም አለች። ቀን በገበያ ሲጨቃጨቁ የዋሉ ሰዎች ማታ ለአንድ ዲቤ ያጨበጭባሉ። ከዚያ አኮ ትነሣለች። መጀመሪያ ትከሻዋ በዝግታ፣ ከዚያ አንገቷ፣ ከዚያ ወገቧ። ቀን በምርኩዝ የምትሄድ ሴት፣ ዲቤው ሲጠነክር ምርኩዟን ጥላ መሬቱን በእግሯ ትመታዋለች። የታመመችው ሴት አጠገቧ ትቆማለች። አኮ እጇን ይዛ «እንደዚህ፣ ቀስ ብለሽ፣ እንደዚህ» ትላታለች። ታማሚዋም ትማራለች። ልብ በሉ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ትማራለች።

እኔ በዚያን ጊዜ አፍር ነበር። ተምሬያለሁ ብዬ ስለማስብ ሐሙስ ማታ ደብተሬን ይዤ ጓደኛዬ ቤት እሄዳለሁ። ቄሱም ሼሁም ነገሩን አይወዱትም፤ መምህራኖቻችንም «ኋላ ቀር ልማድ» ይሉታል። ሦስቱ የሚስማሙበት ጉዳይ እኮ ብዙ አይደለም! ስለዚህ እኔም ተስማማሁ።

ዛሬ ጭፈራ የቴያትር ቤት ነው፤ ፈውስ የሆስፒታል ነው፤ ትምህርት ደግሞ የትምህርት ቤት ነው። ሦስቱንም በአንድ ሰው ላይ ያየ ሰው ወይ «ጠንቋይ» ይላል፣ ወይ «በሽተኛ» ይላል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን እንዲህ ነው። እነዚህ ሰዎች፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ ባለሙያዎች ነበሩ። ሙያቸው የሚለመድና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ ስሕተትና ጉዳትም ያለበት ሙያ ነበረ። ታሪካችን ግን ከባለሙያ መዝገብ አላገባቸውም። ይህን ለማስረዳት ወደ ሰሜን መሄድ ግድ ይለኛል። ምክንያቱም ስለ አንዲት እንዲህ ያለች ሴት በቂ ጽሑፍ የተተወልን በጎንደር ነው።

ዳካርን ከጅቡቲ ለማገናኘት አፍሪካን አቋርጦ የመጣ አንድ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በ1924 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ ጎንደር ደረሰ፤ እስከ ኅዳር 1925 ዓ.ም. ድረስም እዚያ ተቀመጠ። መሪው ማርሴል ግሪዮል ነበር። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ የሚባል ገጣሚ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የሚሠሩት አስተርጓሚ ኤርትራ የተወለዱት አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ። እነዚህ ሁለቱ በበኣታ ሰፈር ወደምትኖር መልካም አየሁ ወደምትባል አሮጊት ቤት ተመላለሱ። መልካም አየሁ በከተማው የታወቀች ባለ ዛር ነበረች። ዙሪያዋን የሚከቧት ተከታዮቿ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ልጇ እማዋይሽም ከዚያው ቤት አትጠፋም። ሌሪስ ያየውን በየዕለቱ ጻፈ፤ አባ ጀሮም ደግሞ የዘፈኑንና የንግግሩን ቃል በማስታወሻቸው ላይ እየቀዱ ያዙ። የሌሪስ የዕለት ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1934 «ላፍሪክ ፋንቶም» ተብሎ በፓሪስ ታተመ። ስለ ጎንደር ዛሮች ብቻ የጻፈው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ወጣ።

እንግዲህ ከዚህ መዝገብ የምናገኘው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ዛር የያዘው ሰው ዝም ብሎ አይወራጭም። ሰውነቱ የሚንቀጠቀጥበትና የሚወዛወዝበት አኳኋን ጉሪ ይባላል። እያንዳንዱ ዛር የራሱ ጉሪ፣ የራሱም ፉከራ አለው። የጦር አለቃ የሆነው ዛር እንደ ጦር አለቃ፣ አገልጋይ የሆነችው ዛር እንደ አገልጋይ ትነቃነቃለች። የተያዘው ሰው «ፈረስ» ይባላል፤ ዛሩ ይጋልበዋልና። አዲስ ታማሚ ሲመጣ ፈረሱ ገና ያልተገራ ነው፤ ይወድቃል፣ ይጮኻል፣ ራሱን ይጎዳል። የባለ ዛሯ ሥራ ዛሩን ስሙን አስጠርቶ፣ ፍላጎቱን አስነግሮ፣ ታማሚዋን በዛሩ ጉሪ ማለማመድ ነው። ያ ሥርዐት የሌለው መውደቅና መነሣት ቀስ በቀስ ልክ ወዳለው እንቅስቃሴ ይለወጣል። ይህ በእኔ ቋንቋ የዳንስ ትምህርት ነው። ዓላማው ግን መድረክ አይደለም፤ ሴትዮዋ በማግሥቱ ተነሥታ እንጀራዋን እንድትጋግር ነው።

ሁለተኛ፣ መምህሯ ራሷ በአንድ መልክ ብቻ አትታይም። መልካም አየሁ ብዙ ዛሮች ነበሯት። አባ ቍስቍስ ሲመጣባት እንደ ጦር አዛዥ ታዛለች፤ አባ ዮሴፍ ሲሆን ነገሯ የመንፈሳዊ ሰው ይሆናል፤ ጫንቂት የምትባለው አገልጋይ ስትመጣ ደግሞ ትቀልዳለች፣ ትስተናገዳለች፣ ታስተናግዳለች። ሌሪስ ይህን ሰው እንደ ጊዜው እያወጣ ከሚለብሰው የልብስ ማስቀመጫ ጋር አመሳስሎታል። ደሃ አሮጊት ሴት እንደ ራሷ ሆና ወንድን ልታዝ አትችልም፤ እንደ አባ ቍስቍስ ግን ታዛለች። ሦስተኛ፣ ማታ ማታ በከበሮ፣ በጭብጨባና በዘፈን የሚደረገው ስብሰባ ወዳጃ ይባላል። በዚያ ሰው ጉሮሮውን ብቻ አያሟሽም፤ የጠላውን ይናገራል፣ ይታረቃል፣ ምክር ይቀበላል።

ሌሪስ ራሱ የተጨነቀበት ጥያቄ «ይህ እውነት ነው ወይስ ቴያትር?» የሚል ነበር። ሲመጣ እውነተኛ መንፈስ ሊያይ ጓጉቶ ነበር፤ ሰዎቹ የሚያስመስሉ ሲመስለው ደግሞ ይበሽቅ ነበር። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፉ ግን ነገሩን አበሰለው። ተመልካችና ተጫዋች ተለይተው የሚቀመጡበት የተጫወቱት ቴያትር አለ፤ ሁሉም ገብቶ የሚኖርበት የኖሩት ቴያትርም አለ፤ የጎንደሩ ወደ ሁለተኛው ያደላል ብሎ ጻፈ። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1958 ሳይመን ሜሲንግ የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በጎንደር አካባቢ ካደረገው ጥናት ተነሥቶ የዛርን ማኅበር «የቡድን ሕክምና» ብሎ ሰየመው። በተለይም ባል የጨቆናቸውና ማዕርግ የተነፈጋቸው ሰዎች በማኅበሩ ውስጥ ሰሚና ዘመድ ያገኙበት እንደነበር አሳየ። ታዲያ አንዱ ቴያትር አለው፣ ሌላው ሕክምና አለው። ሁለቱም በየበኩላቸው ልክ ናቸው። ትምህርት ያለው ግን አላገኘሁም። እኔ ሐሙስ ማታ የሰማሁት «እንደዚህ፣ ቀስ ብለሽ» የሚለው ቃል ሦስተኛው ነው።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ያ የጥናት ቡድን ጎንደር ሳለ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች አንሥቶ፣ በምትካቸው አዲስ ቅጅ አስሎ፣ የቀድሞዎቹን ወደ ፓሪስ ወስዷል። ዛሬም እዚያ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። በመልካም አየሁ ቤት ለሚታረደው መሥዋዕት ገንዘብ ያወጣ የነበረውም ሌሪስ ራሱ ነው። ስለዚህ መዝገባችን የተጻፈው በእንግዳ ከረጢት ነው። ሥዕሉ ተጠቅልሎ ሄደ፤ ቃሉም በደብተር ገብቶ ሄደ። ጉሪው ግን ሊጠቀለል አልቻለም። እርሱ የሚቀመጠው ሰውነት ላይ ብቻ ነው፤ ሰውነት ደግሞ ይሞታል። የውዝዋዜ ታሪክ ከሥዕል ታሪክ ይልቅ የሚያሳዝነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቆላችን እንመለስ። በደቡብ ስንናገር መጀመሪያ ቃላቱን መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋልና። በቦረና አያና ማለት የሚይዝ መንፈስ ብቻ አይደለም። ከዋቃ የሚወጣና እያንዳንዱ ፍጥረት፣ እያንዳንዱ ቀን እንኳ የሚያድርበት ኃይል ነው። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት «ገዳ» በተባለው መጽሐፋቸው የቦረና አያንቱዎች በ27 ስም ባላቸው ቀኖች ዘመንን እንዴት እንደሚቆጥሩ አስረድተዋል። አያንቱ የቀን ሊቅ ነው እንጂ ዲቤ መቺ አይደለም። የቦረና ቃሉም በዘር የሚወረስ ታላቅ የሥርዐት አባት ነው፤ በመያዝ የሚመጣ አይደለም። መንፈስ የሚወርድበትን ዐይነት ቃሉ እነ ክኑትሶን ያጠኑት በምዕራብ፣ በሜጫ ነው። የአኮ ነገር እንግዲህ ከነዚህ ከሁለቱም የተለየ፣ የከተማ ዳርና የመንደር ሴቶች ጉዳይ ነው። በገዳ ጉባኤ ላይ አይወሳም። ሁለት ጊዜ የተረሳውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ከሰሜኑ መጽሐፍም ወጣ፣ ከደቡቡም መጽሐፍ ወጣ።

የቅርብ ማስረጃ የምናገኘው ከድንበር ወዲያ ነው። ጉድሩን ዳል የተባለች ስዊድናዊት ተመራማሪ በሰሜን ኬንያ፣ በኢሲኦሎ አካባቢ ስለሚኖሩ የዋሶ ቦረናዎች ብዙ ጽፋለች። እነዚህ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1967 በተደረገው የሽፍታ ጦርነት ከብታቸውን አጥተው ብዙዎቹ በከተማ ዳር የተጠጉ ናቸው። ዳል እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመ ጽሑፏ በመካከላቸው ስላለው የአያና ማኅበር ስትጽፍ መያዙን እንደ በሽታ ብቻ ሳይሆን እንደ ፈውስ አየችው፤ ርእሷም ይህንኑ ይናገራል። ነገሩን ሳነብ የገረመኝ የአኮ ክብ ነው። የተሰበሰቡት እነማን ነበሩ? ከብቱ ያለቀባት፣ ባሏ የራቃት፣ ከዘመዷ ተነጥላ ከተማ የገባች። ከብት ያለው ሰው በጎሣው ይረዳል፤ ከብት የሌለው ደግሞ ዲቤ ያሻዋል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ከግምትነት ግን ትንሽ የሚያልፍ ይመስለኛል።

ሌላም መንገድ አለ። ከገናሌ ወንዝ ማዶ በባሌ የሼክ ሁሴን ድሬ ይገኛል። ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይዘው በየዓመቱ ወደዚያ የሚጓዙትን ሰዎች ያላየ የቆላ ልጅ የለም። የእነርሱ ውዳሴ ባህሮ ይባላል፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው በጭብጨባ ይቀበላል፤ በዚያም የሼኩ ታሪክና ተአምር ለማያነበው ሰው ሁሉ ይዳረሳል። ወዳጃ የሚለው ቃል ራሱ በጎንደር ብቻ አይደለም የሚነገረው፤ በወሎም አለ፣ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድም አለ። ያቺ የወሎ ሴትዮ በነገሌ ዲቤ እንግድነት ያልተሰማት ለዚህ ይሆናል። ቋንቋው ባይገባትም ክቡ ይገባታል። እኛ በመጽሐፍ ሰሜንና ደቡብ እያልን የለየነውን አገር እነዚህ ሴቶች በእግራቸው አገናኝተውታል።

እስካሁን አመሰገንኩ፤ ጉዳቱን ካልጻፍኩ ግን ታሪክ መሆኑ ቀርቶ ሙገሳ ይሆናል። ዛር ውድ ነው። ዶሮው፣ በጉ፣ ሽቶው፣ ልብሱ፣ ጫቱ የደሃ ቤት ያራቁታል። ዕድሜ ልክ አባል ያደርጋል እንጂ «ድነሻል፣ ሂጂ» አይልም። መንፈስን መነገጃ ያደረገም ሞልቷል። በሰፈራችንም የሚጥል በሽታ የነበረበት አንድ ልጅ ነበር። እናቱ አንድ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ወደ አኮ አመጣችው። ልጁ አንድ ቀን ምድጃ ላይ ወድቆ እጁ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ነው አኮ እናቱን ጠርታ «ይህ የእኔ አይደለም፤ ሐኪም ቤት ውሰጂው» ያለቻት። ኪኒን ጀመረ፤ መውደቁ ቀነሰ። አኮ የሙያዋን ወሰን ታውቅ ነበር ብዬ ልኮራባት እችላለሁ፤ ግን የልጁ እጅ ላይ ያለውን ጠባሳም አውቀዋለሁ። ወሰኗን ያወቀችው ዘግይታ ነው።

ይህን ስል ሐኪም ቤቱም የት እንደነበር አልረሳም። ለአሥርት ዓመታት በመላው አገሪቱ የነበረው ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነው። ከነገሌ አዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ልጇ የሞተባትና እንቅልፍ ያጣች የሊበን ሴት ይህን ሁሉ መንገድ በጭነት መኪና ትሂድ ወይስ ሦስት ግቢ አልፋ አኮ ዘንድ? መልሱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ሦስቱ ነገሮች የተለያዩት እንዴት ነው? ጭፈራው ቀድሞ ሄደ። በ1927 ዓ.ም. ሀገር ፍቅር ተቋቋመ፤ ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ1963 በዚሁ በእኛ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማእከል ሐሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ከየብሔረሰቡ የተውጣጣ ዜማና ውዝዋዜ በአንድ መድረክ ታየ፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ አላቃልለውም። በደርግ ዘመን ደግሞ ኪነቱ በየቀበሌው ተዛመተ። ነገር ግን መድረኩ የወሰደው ትከሻውንና ልብሱን ነው። ክቡ ተበትኖ በመስመር ተሰለፈ፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ተመልካች አዞረ። ታማሚዋ መቆሚያ አጣች።

ሆኖም ነገሩ እንደገና መገናኘት የሚችል መሆኑን አዲስ አበባ አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም መጥቶ ብዙ የጎዳና ልጆችን አሠልጥኖ «ካርሚና ቡራና»ን በዳንስ እንዲያቀርቡ አደረገ። ከዚያ «አዱኛ» የተባለው የማኅበረሰብ ዳንስ ቴያትር ተወለደ። ልጆቹ ለዓመታት ሠለጠኑ፤ እነርሱም በተራቸው ሌሎች የጎዳና ልጆችን አስተማሩ፣ ከአካል ጉዳተኞችም ጋር ዳንስ ሠሩ። ከእነርሱ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ከዓለም ተመርጦ በጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ሥር ለመማር በቃ፤ በኋላም እርሱና አዲሱ ደምሴ «ዴስቲኖ»ን ይዘው ማስተማሩን ቀጠሉ። እዚህ መንፈስ የለም፣ መሥዋዕት የለም። ግን የወደቀ ልጅ በእንቅስቃሴ ተነሥቶ ሌላውን ሲያነሣ ሳይ አኮን አያታለሁ። የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው። ይህን ሥራ ከውጭ እንደመጣ አዲስ ነገር አድርገን መቀበላችን! መልካም አየሁ በበኣታ ሰፈር ስታለማምድ የነበረችውን የረሳን ያህል ነው።

አሁን የራሴን ዕዳ ልናገር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ ሲል አኮ ጠራችኝና እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። የትኛው አመታት ለየትኛው አያና እንደሆነ፣ እርሷን ማን እንዳስተማራት፣ ያስተማረቻትንስ ማን እንዳስተማራት። እርሷ ማንበብ አትችልም፤ ግን ጽሑፍ ዕድሜ እንዳለው ታውቃለች። እኔም «ከፈተና በኋላ» አልኳት። ፈተናውን አለፍኩ፤ ግቢ ገባሁ፤ የመጀመሪያው ዓመት ሳያልቅ አኮ ዐረፈች። ዲቤዋን ማን እንደወሰደው ስጠይቅ ቆዳው ተቀዶ ለማገዶ እንደገባ ነገሩኝ።

ባለፈው ክረምት ያቺን የወሎ ሴትዮ አገኘኋት። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩና የአኮን አመታት እንድትነግረኝ ለመንኳት። ሳቀችብኝ። «ተቀምጦ አይነገርም፣ ተነሥ ብላ ነበር የምታስተምረን» አለችኝ። ተነሣሁ። ጠረጴዛውን እየመታች ትከሻዬን ያዘችልኝ። አልቻልኩም፤ እግሬ ሌላ፣ ትከሻዬ ሌላ ሆነ። ቢሆንም ከሦስት ቀን በኋላ አንዱን አመታት ያዝኩት፤ የጻፍኩትም እርሱን ብቻ ነው።

ውድ ጓደኞቼ፣ ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ በየሰፈራችሁ አንዲት እንዲህ ያለች ሴት ሳትኖር አትቀርም። እመኑባት ወይም አትመኑባት፣ የእናንተ ፋንታ ነው። ግን ጠይቋት። ማን አስተማረሽ? ማንን አዳንሽ? ማንንስ ሳታድኚ ቀረሽ? ሦስቱንም ጻፉ። «ከፈተና በኋላ» ብቻ አትበሉ።